ከከበሮው በኋላ ማዕድ ይኑር

በግቢያችን ከሚደረጉት ውድድሮች ሁሉ አዳራሹን ከአፍ እስከ ገደፉ የሚሞላው የባህል ቡድኖች የከበሮና የእስክስታ ውድድር መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። እኛም ከሚያጨበጭቡት መካከል ነን፤ እጃችን እስኪቀላ አጨብጭበናል፤ ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኸናል። ይሁን እንጂ ባለፈው ጊዜ ውጤቱ ከተነበበ በኋላ ያየነው ነገር ዝም ተብሎ የሚታለፍ ሆኖ ስላላገኘነው ይህን ጽሑፍ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ለማቅረብ ተገደናል።

የሆነው ይህ ነው። የተሸነፈው ቡድን ያሸነፈውን እጅ ሳይጨብጥ በጓሮ በር ወጣ። ያሸነፈውም ቡድን በመኝታ ቤቶች መካከል እየዞረ ሲፎክር አመሸ። በማግሥቱ ጧት ከሁለቱ ከበሮዎች የአንደኛው ቆዳ በስለት ተቀድዶ ተገኘ። ማን እንዳደረገው አልታወቀም፤ እኛም ይህ ወይም ያ ወገን ነው ብለን ለመጠቆም አልተነሣንም። ቆዳ ይለወጣል፤ ከበሮም ይጠገናል። እኛን ያሳሰበን ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። በአንድ ክፍል የሚማሩ፣ በአንድ ምግብ ቤት የሚሰለፉ ልጆች እስከ ዛሬ ድረስ ሰላምታ አይለዋወጡም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን አይተው «እንግዲያውስ ውድድሩ ይቅር» ይላሉ። አሳባቸው ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን አንክድም፤ ግን አንስማማበትም። ፉክክር ባይኖር ኖሮ እነዚያ ልጆች ፈተና ደርሶባቸው ሳለ ሌሊት ሌሊት ባልተለማመዱ ነበር። ጥፋቱ የፉክክሩ አይደለም። ጥፋቱ ከፉክክሩ በኋላ የሚቀመጡበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ይህንንም ለማስረዳት ሩቅ አንሄድም፤ ከደጃችን ያለው የጣና ዳር ይበቃናል።

በበዓል ሌሊት ወደ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ጎራ ያለ፣ ወይም በጀልባ ተሻግሮ ዘጌ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ያደረ ሰው ማኅሌት እንዴት እንደሚቆም ያውቃል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። የቀኙን ቀኝ ጌታው፣ የግራውን ግራ ጌታው ይመራዋል። በመጀመሪያ ከበሮ የለም፤ ቁም ዜማው በድምፅ ብቻ ይዜማል። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። መረግዱ ሲገባ ከበሮውና ጸናጽሉ ይነሣሉ። ጽፋቱ ሲደርስ ምቱ ይፈጥናል፤ ጭብጨባው ይከተላል፤ የቆመው ሁሉ ላብ በላብ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ በሁለቱ ረድፎች መካከል ፉክክር የለም የሚል ሰው ካለ፣ ቆሞ አላየም ማለት ነው። ቀኙ ያወረደውን ግራው አሳምሮ ሊመልሰው ይተጋል። ከበሮ መቺው አንዲት ምት ቢያጎድል ከማዶ የቆሙት አዛውንት ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ ይላሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከበሮው ከሳተ የሚሰበረው የአንዱ ወገን ዜማ ብቻ አይደለም፤ የሁለቱም ነው። ስለዚህ ተፎካካሪው የባልንጀራውን መሳሳት ቢታዘብም መውደቁን አይመኝም። ሁለቱ ረድፎች የሚሽቀዳደሙት አንዱን ቃል፣ አንዱን የያሬድ ዜማ ተሸክመው ነው።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ያለውን ደግሞ እንመልከት። ካህናቱና ደብተሮቹ ደጀ ሰላም ይገባሉ። መቀመጫው በማዕርግና በዕድሜ ቢሆንም ቀኝና ግራ የሚባል ረድፍ እዚያ አይታወቅም፤ እንጀራው አንድ፣ ጠላውም ከአንድ ጋን ነው። አንድ ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን በደጁ በኩል ተቀምጠን ሳለን አንድ ወጣት ደብተራ ሌሊት ከፊት ለፊቱ ቆመው የነበሩትን መምህር «የኔታ፣ ዛሬስ ከበሮው ነው እርስዎን የመታዎት» ሲላቸው ሰማን። እርሳቸውም ሳይቈጡ «አንተ ልጅ፣ እኔስ የመታሁት ለእግዜር ነው፤ አንተ ግን ለሚያይህ ሰው ትመታ ነበር» ብለው መለሱለት። ቤቱ በሣቅ ሞላ። ጥቂት ቆይተው እኒሁ መምህር ልጁን ወደ እርሳቸው ጠርተው፣ የሳታትን ምት በሞሰቡ ጠርዝ ላይ በጣታቸው እየመቱ አሳዩት። እኛ በአዳራሻችን ዳኛ አስቀምጠን፣ ነጥብ ቈጥረን ያላገኘነውን ትምህርት ያ ልጅ ጠላ እየጠጣ አገኘው።

ፉክክር ሲባል የረድፍ ብቻ አይደለም፤ የቤትም አለ። በዜማው ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት፣ በአቋቋሙ ላይ ቤት፣ ታች ቤትና ተክሌ የሚባሉ ስልቶች አሉ፤ ሁሉም የየራሱን ስልት ያስበልጣል። የተክሌ አቋቋም ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ቅርብ ነው። በቀልዳቸው አገር የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበልና በዳሩ የሚወዛወዘውን ደንገል ተመልክተው፣ መቋሚያውና ሰውነቱ እንደዚያ እንዲወዛወዝ አዲስ ስልት አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት ግን «የአባቶቻችንን ሥርዓት አንለውጥም» ብለው አልተቀበሏቸውም። ልጃቸው ተክሌ ስልቱን ወደ ደብረ ታቦር ወስዶ አስተማረው፤ ከዚያም ተስፋፋና በስሙ ተጠራ። ያን ጊዜ የሁለቱ ወገን ክርክር ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። ዛሬ ግን የተክሌ አዋቂና የጎንደር አዋቂ በአንድ ቅኔ ማኅሌት ቆመው ተራ ሲሰጣጡ ማየት ብርቅ አይደለም። አንደኛው ሌላውን ቢያጠፋው ኖሮ ድሃ የሚሆነው ማኅሌቱ ነበር።

ሊቃውንቱን ትተን ወደ ወጣቱ ብንመጣም ነገሩ ያው ነው። የጥምቀትን በዓል ዩኔስኮ በ2012 ዓ. ም. ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ በባሕር ዳር ጎዳናዎች ሲጓዙ የየደብሩ ወጣቶች ከበሮ በአንገታቸው አንጠልጥለው ያጅባሉ። መንገድ ከመንገድ በሚገናኝበት ስፍራ ሁለት ደብር ሲገጥም የሚሰማው የከበሮ ድምፅ የጆሮ ነገር አይደለም፤ ደረት ውስጥ ይገባል። ያም ይበልጥ ሊያደምቅ፣ ይህም ላይበልጡት ይተጋል። ሌሊቱ ሲገፋና የጣና ብርድ ሲበረታ ግን እነዚያው ልጆች በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ተጠጋግተው ዳቦ ሲቈራረሱ እናያለን። «የእናንተ ከበሮ ምነው ድምፁ ወፈረ? ቆዳው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣውም ያን ጊዜ ነው።

ይህ የቤተ ክህነት ነገር ብቻ ነው የሚለን ቢኖር፣ ወደ ወሎ ተሻግሮ መንዙማ የሚባልበትን ሐድራ ይመልከት፤ ድቤው ሲመታ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በመጨረሻም ማዕዱ ለሁሉም ነው። በደርግ ዘመን የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስና የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድኖች እያንዳንዳቸው የአገራቸውን ምት ይዘው በቀረቡ ጊዜ ተመልካቹ «የማን ይበልጣል?» እያለ መከራከሩ ሦስቱንም እንዲወዳቸው አደረገው እንጂ አላጣላውም። በአሜሪካን አገር ደግሞ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመላሽ ወታደሮች ማኅበራት የከበሮና የመለከት ጓዶች አቋቁመው ይወዳደሩ ነበር። ዛሬም ዕድሜ የማይገድባቸው እንዲህ ያሉ ጓዶች አሉ፤ በአዘቦት ቀን መምህርና ጸሐፊ፣ በዕረፍት ቀን ከበሮ መቺ የሆኑ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እዚያ ዳኛ አለ፣ ነጥብም አለ። ሆኖም ሰልፉ ከተፈታ በኋላ ተፎካካሪዎቹ አብረው ሲበሉና ሲጨዋወቱ ማምሸታቸው እንደ ውድድሩ ሁሉ የሚናፈቅ ነው።

እንግዲህ እኛ የጐደለን ምንድን ነው? አባቶቻችን «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ብለዋል። ተረቱ የሚነገረው ሳይሞክር የሚተች ሰውን ለመገሠጽ ነው፤ እኛ ግን መድኃኒቱም በውስጡ ያለ ይመስለናል። የባልንጀራውን ከበሮ በአንገቱ ያጠለቀ፣ ማንገቻው ትከሻውን ሲቈርጠው የቀመሰ ሰው ቆዳውን በቢላዋ ለመቅደድ እጁ አይነሣም። ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ውጤቱ ከመነበቡ በፊት ሁለቱም ቡድኖች ከዳኞቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጡ። ውጤት ከተነበበ በኋላ የሚቀርብ ምግብ ለአንዱ ድግስ፣ ለሌላው የለቅሶ እዝን ይሆናልና። ሁለተኛ፣ ከማዕዱ በኋላ ከበሮ ይለዋወጡ፤ ያኛው የዚህኛውን አንድ ምት፣ ይኸኛውም የዚያኛውን ይምታ። የሚሳሳት አይጠፋም፤ ይሣቅበት፣ ይታረምም። ሦስተኛ፣ የተቀደደው ከበሮ ከሁለቱም ቡድን በሚዋጣ ገንዘብ ይለበጥ። ጥፋተኛውን መፈለጉ ለሚመለከተው ይተው፤ መጠገኑ ግን የጋራ ይሁን።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚሉ አሉ። የምንለምነው ፍሪዳ እንዲጣል አይደለም። ሽሮና እንጀራ፣ ዳቦና ሻይ ይበቃል፤ የጾም ቀንም ቢሆን፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም ልጅ ቢቀመጥ ማንንም አያስቀርም። ለመድረኩ ጌጥና ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ከሚወጣው ጥቂቱ ቢቀነስ ማዕዱ ይሸፈናል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። «በ2012 ዓ. ም. በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ይህን የመሰለ ነገር በሽሮና በከበሮ ይድናልን?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። አይድንም። የአገርን ችግር አንድ ማዕድ ይፈታዋል ብለን ራሳችንን አናታልልም፤ የሞቱትንም አይመልስልንም። ግን ወሬ በመኝታ ቤት ኮሪደር ሲሮጥ፣ «እነዚያ እንዲህ ሊያደርጉ ነው» ሲባል፣ «እነዚያ» የተባሉትን በስማቸው የሚያውቅና «እስቲ ቆይ፣ ልጠይቀው» የሚል አንድ ሰው በየክፍሉ መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም። ያን ሰው የሚያፈራው አብሮ መቀመጥ ነው፤ አብሮ ለመቀመጥ ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ከበሮ ከሚሰጠን የተሻለ ምክንያት አላገኘንም።

የሚቀጥለው ውድድር ሩቅ አይደለም። እኛም እንደ ልማዳችን ለየወገናችን እንጮኻለን፤ «የእኛ ይበልጣል» ማለታችንንም አንተውም። ተሸንፈን ብንወጣ ግን የምንወጣው በጓሮ በር አይሁን። መጀመሪያ ማዕዱ ይዘርጋ፤ ያሸነፈውም ለተሸነፈው ውኃ ያስታጥብ።