በእጅ የተያዘ ሱቅ

በአዲስ አበባ ታክሲ፣ ካፌና የእግረኛ መንገድ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚታየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልክ እያወራ አይደለም፤ ገበያ ላይ ነው። ጣቱን ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ጫማ፣ የከንፈር ቀለም፣ በቅድመ ክፍያ የሚሸጥ አፓርታማ፣ «ካሉበት እናደርሳለን» የሚል የቴሌግራም ሱቅ፣ የሰው ሠርግና የሰው መኪና በተራ ያልፋሉ። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ረስቶ፣ ሁለት ፌርማታ አልፎ የሚደነግጥ ተሳፋሪ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ወቀሳው ዘወትር የሚያርፈው በሰውየው ላይ ነው፤ ሥርዓት የለውም፣ ዘመኑ አበላሸው ይባላል። በስልኩ ውስጥ ያለው ሱቅና ባለሱቁ ግን ስማቸው አይነሣም።

ስልክ ሲጀመር ሱቅ አልነበረም። ሞባይል በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲም ካርድ ማግኘት ራሱ ደጅ መጥናት የሚጠይቅ ነበር። በቀፎው ይደወላል፣ አጭር መልእክት ይላካል፣ ሥራ የፈታ የእባቡን ጨዋታ ይጫወታል፤ ከዚያ ወደ ኪስ ነው። የስልክ ጥሪ መጨረሻ አለው፤ «በል ደህና ሁን» ተብሎ ይዘጋል። ዛሬ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮምም ገብቷል። በብዙዎቹ እጅ ያለው ስማርት ስልክ ደግሞ መጨረሻ የሌለው ነገር ይዞ መጥቷል።

መጨረሻው የጠፋው በአጋጣሚ አይደለም። ቀድሞ ድረ ገጽ ያልቅ ነበር፤ ቀጣዩን ለማየት መጫን፣ ለመጫን ደግሞ ለአፍታ ማሰብ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለው አሜሪካዊ የሶፍትዌር ንድፍ ባለሙያ ገጹ ሳያልቅ በራሱ እየተቀጠለ የሚወርድበትን ዘዴ ሠራ፤ በኋላ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ሁለተኛው ብልሃት በዕድሜ ይበልጠዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በርግቦችና በአይጦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ እንስሳው መሞከሩን በቀላሉ እንደማይተው አሳይቷል። ተፍቆ የሚታይ ሎተሪ የሚሠራው በዚህ ነው። ከአሥር የማይረባ ቪዲዮ በኋላ አንድ የሚያስቅ ብቅ ሲል ሰውየውን የሚይዘውም ይኸው ነው፤ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ አያውቅማ።

ባለሱቁ የሚያተርፈው ከማስታወቂያ ነው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ካገኘው 135 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ ውስጥ ከመቶ 97 እጅ በላይ የሚሆነው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ለማስታወቂያ አስነጋሪው የሚሸጥለት የተመልካቹ ዐይን ነው፤ ዐይኑ በቆየ ቁጥር ሽያጩ ይጨምራል። በኢትዮጵያ ነገሩ ፈገግ የሚያሰኝ ጭማሪ አለው፦ ተመልካቹ ማስታወቂያውን የሚያየው በራሱ ገንዘብ በገዛው ፓኬጅ ነው። መርካቶ እንኳን በር ላይ ቆሞ የመግቢያ የሚጠይቅ የለም።

በቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት ደግሞ ለአድናቆትም ዋጋ ወጥቶለታል። በገንዘብ በሚገዛ ኮይን ከሚላኩት ስጦታዎች ጽጌረዳዋ 1 ኮይን፣ አንበሳው 29,999 ኮይን ነው። ሁለት ሰዎች «ባትል» ይገጥማሉ፣ ተመልካቹ እየተፎካከረ ሲያዋጣ ያመሻል፣ ኩባንያው ከስጦታው ላይ ድርሻውን ያነሣል። አዝማሪ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር ቢያንስ ከአገር አይወጣም ነበር።

ስልኩ ራሱ ሸቀጥ መሆኑ ሌላ ጉድ ነው። አፕል አዳዲስ አይፎኖቹን የሚያስተዋውቀው በአብዛኛው በዘመን መለወጫ ሰሞን ነው፤ አይፎን 15 የቀረበው ልክ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ 16ኛውና 17ኛውም በየዓመታቸው ጳጉሜን 4 ቀን ተዋውቀዋል። ሸማቹ የበግና የዶሮ ዋጋ እየጠየቀ ራሱን በሚይዝበት ሳምንት መሆኑ ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አልፏል፤ የስልክ ዋጋም ተከትሎት ወጥቷል። ፍላጎቱ ግን አልበረደም። አዲሱን መግዛት ያቃተው ያገለገለ ይፈልጋል፣ የመጀመሪያ ጥያቄውም «ባትሪው ስንት ፐርሰንት ነው?» ነው። ቀድሞ ሰው ራሱን የሚያወዳድረው ከጎረቤቱ ጋር ነበር፤ የጎረቤት ደግሞ ሀብቱ ብቻ ሳይሆን ዕዳውም ይታወቃል። ዛሬ መለኪያው የዱባይ ሆቴልና የዋሽንግተን ሳሎን ሆኗል፤ ከጀርባው ያለው ብድርና የሌሊት ፈረቃ በቪዲዮው ላይ አይወጣም።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ቡና ላይ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ በጥድፊያ የሚያልፉ አይደሉም፤ በመካከሉ የዕቁብ ሒሳብ፣ የታመመ ጎረቤት ጉዳይ፣ የሰፈር ወሬ ይነሣል፤ የተኳረፈም ይታረቃል። አሁን ስኒው ሳይነሣ ፎቶው ይነሣል፤ ከዚያ የተቀመጠው ሁሉ ወደየገበያው ይሄዳል፣ ቡናውም ይቀዘቅዛል። በዚያው ቤት ግን ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፎ የሚቆም ስልክም አለ። ሪያድ ወይም ቤሩት ያለች ልጅ በቪዲዮ ቡናው ላይ ትገኛለች፤ እናት «ተመስገን፣ ፊትሽ ወዛ ብሏል» ትላለች። ዕቃው አንድ ዓይነት ነው፤ በአንደኛው ማዶ ልጅ አለች፣ በሌላው ማዶ ባለሱቅ።

መፍትሔ ሲፈለግ ግን ይህ ልዩነት ይረሳል፣ ዱላውም እግረኛው ላይ ያርፋል። የሃዋይዋ ሆኖሉሉ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 ስልኩን እያየ መንገድ የሚያቋርጥን ሰው መቅጣት ጀመረች፤ የጃፓኗ ያማቶ በ2020 በአደባባይ ስልክ እያዩ መራመድን ከለከለች፣ ቅጣት ግን አላስቀመጠችም። አዲስ አበባ ውስጥ ሥርዓት አስከባሪው ስልክ የሚነጥቀው ሌባ ሆኖ ነበር፤ በሞተር ብስክሌት የሚፈጸም ንጥቂያና ዝርፊያ በመብዛቱ ከተማው በ2011 ዓ.ም. በሞተሮች ላይ ክልከላ እስከ መጣል ደርሷል። ወደ ሱቁ ስንመለስ፣ የአገሪቱ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 በ2004 ዓ.ም. ሲወጣ ቲክቶክ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም ነበር። ገንዘብ ተቀብሎ አፓርታማ፣ ክሬም ወይም ባንክ የሚያወድስ ሰው በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ «ተከፍሎኝ ነው» ብሎ እንዲናገር ማስገደድ የሚከብድ ድንጋጌ አይደለም። የማሳወቂያ ድምፁን ማጥፋት የተጠቃሚው ፈንታ ነው፤ ሕግ አውጪው ግን ከዚህ ድንጋጌ ይጀምር።