ዘፋኝስ አላነሰንም

በቀርሜሎስ ተራራ ላይ የሚገኘው የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። ከነቬ ዮሴፍ ሰፈር ወይም ከክራዮት ከተሞች የወጣ የኛ የቤተ እስራኤል ልጅ «እዚያ ገብቼ ሙዚቃ ልማር» ቢል ቤት ውስጥ የሚጠብቀው መልስ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ነርስነት፣ ሕግና ኮምፒውተር እያለ ሙዚቃ ምን እንጀራ ይሆናል? መልሱ ከፍቅር የመነጨ ነው። በእግሩ ሱዳን ድረስ ተጉዞ፣ ወይም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ አብሮ ተሳፍሮ የመጣ ወላጅ፣ በጽዳትና በፋብሪካ ሥራ ያሳደገው ልጅ እንዳይቸገር ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? ይሁንና መልሱ የቆመበት መሠረት ልክ አይደለም። ሙዚቃ መማር ዘፋኝ ለመሆን መሰናዳት ብቻ ተደርጎ ተቆጥሯል።

ዘፋኝስ አላነሰንም። ሐጊት ያሶ በ2011 «ኮኻቭ ኖላድ» የተባለውን የቴሌቪዥን ውድድር አሸንፋለች። አስቴር ራዳና ጊሊ ያሎ ከእስራኤል ውጭ ጭምር ይሰማሉ፤ የአባተ በሪሁን ሳክስፎንም በጃዝ መድረክ የታወቀ ነው። ያነሰን የሰማውን ዜማ በኖታ የሚጽፍ፣ የሚመረምር፣ የሚያስተምርና በሙዚቃ የሚያክም ሰው ነው። የቤተ እስራኤልን ጸሎት ዜማ ብንወስድ ይህ ጉድለት ጎልቶ ይታያል። ቄሶቻችን በግእዝ፣ አልፎ አልፎም በአገውኛ የሚያዜሙትን፣ በነጋሪትና በቃጭል የሚያጅቡትን ጸሎት አሜሪካዊቷ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1973 ኢትዮጵያ ሄዳ ቀርጻለች፤ በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍም ሥርዓቱ ከኢትዮጵያ ክርስቲያን መነኮሳት ትውፊት ጋር የጠበቀ ትስስር አለው ብላ ተከራክራለች። በኋላ ሲምሐ አሮምና ኦሊቪየ ቱርኒ እዚሁ እስራኤል ውስጥ ቄሶችን እየቀረጹ ዜማውን ተንትነዋል። ለእነዚህ ተመራማሪዎች ትልቅ ውለታ አለብን፤ ያለ እነሱ ብዙው በጠፋ ነበር። ሆኖም የሸለመይ ድምዳሜ ስለ ማንነታችንና ስለ አመጣጣችን የሚናገር ከባድ ድምዳሜ ነው። ልክ ነው ወይም ተሳስታለች ለማለት ሁለቱን ዜማዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ስልታቸውንና አወራረዳቸውን ለይቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቁጣም ኩራትም አይሠራም፤ የሚሠራው ዕውቀት ነው። ክርክሩ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ሲካሄድ፣ ዜማውን ከሕፃንነታቸው ጀምረው በጆሯቸው የሚያውቁት ልጆቻችን ጉባኤው ውስጥ በብዛት የሉም። ኢትዮጵያ ውስጥ የተማሩት ቄሶች ደግሞ እያረጁ ነው።

ሙዚቃ ለቁም ነገር የሚሆን ትምህርት አይደለም የሚለውን ሐሳብ የራሳችን ታሪክ አይቀበለውም። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማሪ ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ ኮቾሮ እየለመነ፣ ድጓን ለዓመታት ይማር ነበር፤ ለማስመስከር እስከ ጋይንት ቤተልሔም ይጓዛል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስቱን ዜማዎች፣ ከፊደሉ በላይ የሚጻፈውንም ምልክት ጠንቅቆ ያውቃል። የቤተ እስራኤል ቄሶችም ጸሎቱን ከመነኮሳትና ከቀደሙ ቄሶች እግር ሥር ቁጭ ብለው ነው የተማሩት። ይህን ሁሉ ያከበረ ሕዝብ የናቀው አዝማሪውን ነበር፤ ዛሬ ልጁ «ሙዚቃ» ሲል ወላጁ ዓይን ላይ የሚመጣው ይኸው የተናቀ አዝማሪ ይመስለኛል። አዝማሪን መናቁ ራሱ በደል ነበር፤ በደሉን ወደ ልጅ ትምህርት ማውረድ ደግሞ የባሰ ነው።

ወደ እንጀራው ጥያቄ ልመለስ፤ ጥያቄው እውነተኛ ነው። ዲግሪው ደሞዝ አያረጋግጥም፤ በመሣሪያ ተጫዋችነት ብቻ ለመኖር ያሰበ ሰው ገቢው ሊዋዥቅ እንደሚችል አውቆ ይግባ። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። በመንግሥት በሚደገፉ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያ ለሙዚቃም ለታሪክም አንድ ነው። ሙዚቃን ከሌላ የትምህርት ክፍል ጋር አጣምሮ መማር፣ የማስተማር የምስክር ወረቀት ጨምሮም ትምህርት ቤት መቀጠር ይቻላል። ከሁሉም በላይ ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሥነ ጥበብ የሚያክሙ ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አለ፤ አንዱ ዘርፉም የሙዚቃ ሕክምና ነው። በሱዳን መንገድ ልጃቸውን የቀበሩ፣ ዕብራይስጥ ያልሆነላቸው እናቶች ሐዘናቸውን ብዙ ጊዜ የሚናገሩት በእንጉርጉሮ ነው። አማርኛውንም ትግርኛውንም ሰምቶ፣ እንጉርጉሮውን ተቀብሎ አብሯቸው የሚቀመጥ ባለሙያ ከየት ይምጣ? ከኛ ቤት ካልወጣ አይመጣም።

ሌላም የማከብረው ተቃውሞ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ የባሕና የቤቶቨን ነው፣ ልጁን ከራሱ ዜማ ያርቀዋል የሚል። የአንቺ ሆዬን ቅኝት በፒያኖ ለመምታት የሞከረ ሰው ስጋቱን ይረዳዋል። ነገር ግን አረብ ሙዚቀኞች በዚሁ በር ገብተው ቤቱን አስፍተውታል፤ ዛሬ በኢየሩሳሌም የሙዚቃና ዳንስ አካዳሚ ዑድና ቃኑን የተባሉትን መሣሪያዎች የሚማሩበት የምሥራቅ ሙዚቃ ክፍል አለ፤ ከሃይፋ ብዙ ከማይርቀው ከሸፍዓምር የወጡት ታይሲር ኤልያስ መርተውታል። አዲስ አበባ ላይም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ የተማሩ ነበሩ፤ የራሳቸውን ሙዚቃ አልረሱም፤ ይልቁንም ሲመራመሩበት ኖረዋል። ሙላቱ አስታጥቄም ቦስተን በርክሊ ኮሌጅ ገብቶ ነው ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ያዋሐደው። ኖታ የራስን ሙዚቃ እንዴት እንደሚያቆይ ደግሞ ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ምስክር ናቸው፤ ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዳይማሩ ተከልክለው፣ ከ1984 ጀምሮ በ2023 እስኪያርፉ ድረስ በኢየሩሳሌም ገዳም ኖረዋል። በእጃቸው የጻፏቸው የፒያኖ ድርሰቶች 90 ዓመት ሊሞላቸው ሲል በእስራኤል በመጽሐፍ ታተሙ፤ ዛሬ አይተዋቸው የማያውቁ ፒያኒስቶች የሚጫወቷቸው ኖታ ስላላቸው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የወላጅ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የሙዚቃ ክፍሎች መግቢያ የመጫወት ችሎታና የንድፈ ሐሳብ ፈተና ይጠይቃል፤ ለዚያ የሚያበቃው በሕፃንነት የተጀመረ፣ ለዓመታት የሚከፈልበት ትምህርት ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና (ባግሩት) ሙዚቃ የማይሰጥበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ተሰጥኦው የቱንም ያህል ቢሆን በ20 ዓመቱ ኖታ ማንበብ ሲጀምር ይዘገያል። ስለዚህ የሃይፋ ማዘጋጃ ቤት በነቬ ዮሴፍ ላሉ ሕፃናት የመሣሪያ ትምህርት በቅናሽ ያቅርብ። ዩኒቨርሲቲውም የአንድ ዓመት የሙዚቃ መሰናዶ (መኺና) ይክፈት፤ መሰንቆና ክራር የሚጫወት አመልካችም በመሣሪያው ይፈተን። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሙዚቃ ልማር ሲላችሁ እምቢ ከማለታችሁ በፊት አብራችሁት ተራራው ላይ ውጡ፤ ክፍሉን ጎብኙ፣ አስተማሪዎቹን ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ወስኑ።