መመርመሪያውን ስንሸጥ አብረን እናስረዳ

የምሠራው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎኮቹ በአንዱ ግራውንድ ላይ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ከሚጠየቁኝ ነገሮች ሁሉ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቀው የእርግዝና መመርመሪያ ነው። ሰው ካለ ጠያቂዋ ጥግ ይዛ ትጠብቃለች፤ ሲቀንስ ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ የእርግዝና መመርመሪያ አለ?» ትለኛለች። ከፍላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ትወጣለች። ስትሪፑን መቼ እንደምትጠቀም፣ ስንት ደቂቃ ጠብቃ እንደምታነበው ግን በአብዛኛው የሚነግራት የለም። ይህ መቅረት አለበት። ማስረዳት የሽያጩ አካል እንጂ የሻጩ በጎ ፈቃድ ሊሆን አይገባም።

ችግሩ ከካርቶኑ ይጀምራል። ብዙ ስትሪፕ በአንድ ካርቶን ይመጣል፤ መመሪያው ግን አንድ ወረቀት ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ። እኛ ስትሪፑን በነጠላ እንሸጣለን፤ ወረቀቱ እኛው ዘንድ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ክሬን ይህን ምርመራ ከላቦራቶሪ አውጥታ ቤት ለማስገባት ስታስብ፣ ዓላማዋ ሴት ስለ ራሷ አካል ራሷ ቀድማ እንድታውቅ ነበር። መመሪያ የሌለው ስትሪፕ ይህን ዓላማ አያሟላም።

ብዙ የሚሳሳቱት ጊዜው ላይ ነው። ስትሪፑ የሚፈልገው ኤች ሲ ጂ የሚባለውን ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ መመንጨት የሚጀምረው ፅንሱ ከማኅፀን ግድግዳ ሲጣበቅ ሲሆን፣ ይህም ከፅንሰት በኋላ ከ6 እስከ 12 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ትክክለኛው ጊዜ የወር አበባ ሳይመጣ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ያለው ነው። «ከትናንት ወዲያ ፖስት ፒል ወስጄ ነበር፣ ሠርቶ እንደሆነ ልመርመር» የሚሉኝ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ የወሰዱ ልጆች አሉ። በሁለት ቀን ምንም አይታይም፤ ከግንኙነቱ በኋላ 3 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ቀን የታየ አንድ መስመር፣ ማለትም ኔጌቲቭ ውጤት፣ ልጅቷን በከንቱ ያረጋጋታል እንጂ አይመረምራትም።

አጠቃቀሙ ከባድ አይደለም። የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አይታ፣ ፓኬቱን ልትጠቀም ስትል ብቻ ትክፈተው፤ እርጥበት ያበላሸዋል። ሽንቱ የጠዋት የመጀመሪያው፣ ዕቃው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ብዙ ውኃ ጠጥቶ መመርመር ሆርሞኑን ያቀጥነዋል። ስትሪፑን ከቀስቱ ምልክት በላይ ሳታጠልቅ፣ ፓኬቱ ላይ ለተጻፈው ሰከንድ ያህል ይዛ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ጋደም አድርጋ 5 ደቂቃ ትጠብቅ። ሁለት መስመር ከወጣ፣ ሁለተኛው ቢደበዝዝም እርግዝና አለ። አንድ ብቻ ከሆነና እሱም ከመያዣው በኩል ያለው ከሆነ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው። ያ መስመር ከሌለ ግን ስትሪፑ አልሠራም ማለት ነው፤ ሌላ ይገዛል።

ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚነበብ ውጤት አይታመንም። አንድ እናት አመሻሽ ላይ በሶፍት የጠቀለለችውን ስትሪፕ ይዛልኝ መጣች። ጠዋት አንድ መስመር ነበር፤ መብራት ሲመጣ ብታየው አጠገቡ ግራጫ ጭረት ተሰምሯል። ሽንቱ ሲደርቅ የሚተወው ምልክት ነው። በሚቀጥለው ጠዋት በአዲስ ስትሪፕ እንድትደግም ነገርኳት።

ስትሪፑ የማይናገረውም አለ። ፅንሱ የት እንዳለ አያሳይም። ሁለት መስመር ወጥቶ በአንድ በኩል የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም ራስን የመሳት ስሜት ካለ ከማኅፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ነው መሄድ። ኔጌቲቭ ሆኖ የወር አበባ ከቀረ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ የወር አበባን ስለሚያዛባ፣ ተጠቃሚዎቹ በመቅረቱ ብቻ መደንገጥ የለባቸውም።

ይህን ሁሉ የምለው ቀድሞ ማወቅ ሕይወት ስለሚያድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ ከወለዱ እናቶች 74 በመቶው በባለሙያ የእርግዝና ክትትል አግኝተዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ግን 28 በመቶ ብቻ ናቸው። የሕፃኑ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መሠረት የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው። ፎሊክ አሲድ የሚጠቅመው ከዚያ በፊት፣ የሚመረጠውም ከማርገዝ በፊት ሲጀመር ነው። እርግዝናዋን ሳታውቅ፣ በእርግዝና መጀመሪያ የማይመከሩትን አልቤንዳዞል ወይም ዶክሲሳይክሊን የምትወስድ ሴትም አለች። ለብዙዋ የኮዬ ፈጬ ሴት የመጀመሪያው የጤና ባለሙያ እኛ ነን። ጤና ጣቢያ ከመሄዷ በፊት የምታነጋግረው እኛን ነው።

የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እያንዳንዱ ስትሪፕ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ከሥዕል ጋር መመሪያ ይዞ እንዲገባ አስመጪዎችን ያስገድድ። እስከዚያ ድረስ የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች ግማሽ ገጽ አማርኛ አባዝተው ከስትሪፑ ጋር ይስጡ፤ ሰው ሳይሰማ የሚያነጋግሩበት ጥግም ያዘጋጁ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሁለት መስመር ያየች ሴት የትኛው ጤና ጣቢያ እንደምትሄድና ክትትሉ በመንግሥት ተቋም በነጻ እንደሆነ ሳትነግሯት አትሸኟት።