ኮራል ለጉለሌ? ድምፃችን «አይሆንም» ነው

ባለፈው እሑድ ቤታችን ምርጫ ተካሄደ። ኮሮጆ አልነበረም፤ ታዛቢም አልተጋበዘም። ቶናው እየተቀዳ ሳለ የቤታችን ትንሹ ጉሮሮውን ጠራረገና «ቀጥሎ ገንዳው ውስጥ የሚገባው ኮራል ይሁን» ሲል ሐሳብ አቀረበ።

ገንዳ የምንለው ሳሎናችን ጥግ የተቀመጠውን፣ መቶ ሊትር የሚይዘውን የመስታወት የአሳ ቤት ነው። ነዋሪዎቹ አራት ወርቃማ አሳዎች ናቸው። ጾም በገባ ቁጥር እማዬ በሌላ ዓይን ታያቸዋለች። ትንሹ ግን አሳዎቹ ሰልችተውታል። ስልኩ ላይ የሰው አገር ሰዎች በየሳሎናቸው ያሳደጉትን ሐምራዊና አረንጓዴ ኮራል ሲያይ ከርሟል። ዱባይ ያለችው አክስታችን ለበዓል ስትመጣ አንድ ቁራጭ በሻንጣዋ ይዛ ትምጣልን ባይ ነው።

እኛ ታላላቆቹ ተቃወምን። ይቺን ጽሑፍ የምንጽፈው ለምን እንደተቃወምን ለመናገር ነው። ደግሞም በክርክሩ መሀል «ቀጣዩ ማን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ከገንዳችን ሰፋ ያለ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ከኮራሉ እንጀምር። ብዙዎቻችን ድንጋይ ይመስለናል፤ አንዳንዶቻችንም አበባ። ኮራል ግን እንስሳ ነው። ጥቃቅን፣ አፍ ያላቸው ፍጥረታት ተጠጋግተው የሚኖሩበት ሰፈር ነው ብንል ይቀላል። እነዚህ ፍጥረታት በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ደባል አድርገው ያኖራሉ። ደባሎቹ ከብርሃን ምግብ ይሠሩና የቤት ኪራያቸውን በስኳር ይከፍላሉ። የአዲስ አበባ ተከራይ ይህን ውል ለመረዳት አይቸገርም። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ውሉ ይፈርሳል። ደባሎቹ ይባረራሉ፤ ኮራሉም ቀለሙን አጥቶ ይነጣል። ሙቀቱ ካልበረደ በረሀብ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ሳይንቲስቶች አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን አስታውቀዋል። እንግዲህ በገዛ ባሕሩ ውስጥ እንኳ የሚሰቃየውን ፍጥረት ነው እኛ ጉለሌ አምጥተን እናሳድገው የምንለው።

ጉለሌ ደግሞ ለኮራል የማይመች መሆኑን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አብዛኛው የገንዳ ኮራል የሚወደው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ ነው። የእንጦጦ ንፋስ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ለጉለሌ ልጅ አይነገርም። ስለዚህ ማሞቂያው፣ ጠንካራው መብራትና ውኃውን እንደ ማዕበል የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ያለማቋረጥ መሥራት አለባቸው። ያለማቋረጥ! መብራት በጠፋ ሌሊት ኮራሉን በጋቢ ጠቅልሎ ማሳደር አይቻልም።

ይህን የምንለው ከራሳችን ደርሶ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ አደረ። የአየር ፓምፑም ቆመ። ጠዋት ስንነሣ ከዘጠኙ አሳዎች አምስቱ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈዋል። ትንሹ ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄደም። ጥፋቱን መብራቱ ላይ መደፍደፍ ይቀል ነበር፤ ገንዳው ከሚችለው በላይ አሳ ያጨቅነው ግን እኛ ነን። በኋላ ስናነብ የገባን ሌላም ነገር አለ። ጉለሌ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። በዚህ ከፍታ ያለ ውኃ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ በባሕር ጠረፍ ካለው ውኃ ይልቅ የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ገደማ ያንሳል። ለሯጮቻችን የበጀው ቀጭን አየር ለአሳዎቻችን አልበጀም። እኛ ደግሞ «በዚህ ገንዳ ይህን ያህል አሳ» የሚለውን ልክ የቀዳነው ባሕር ዳርቻ ከሚኖሩ ሰዎች ነበር።

ትንሹ እጅ አልሰጠም። «ጨው እንደሆነ ሞልቶናል፤ አፋር አለን» አለ። ጥሩ ክርክር ነው፤ ግን አይሠራም። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ለኛ ገንዳ ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ይህ ጨው ግን የወጥ ቤት ጨው ብቻ አይደለም። ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌላም ማዕድን በልኩ ያስፈልገዋል። ለዚሁ የተቀመመ ጨው ከውጭ መምጣት አለበት። በየጊዜው ጥቂት ውኃ እየተቀዳ በተቀየረ ቁጥርም ጨው እንደገና ይለካል። ውኃው ሲተን ደግሞ ጨው አብሮ ስለማይተን ገንዳው በየቀኑ ጨዋማነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ መሙላት ግድ ይሆናል። በፈረቃ የሚመጣውን ውኃ በሮቶና በጀሪካን ለሚያጠራቅም ቤት ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ከአፋር ግን በቀላሉ ማለፍ አልቻልንም። ኢትዮጵያ የኮራል አገር ነበረች። ከ100,000 ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር የደናክልን ዝቅተኛ ቦታ ሸፍኖት ነበር። ያኔ የበቀለው ኮራል ዛሬም ከበረሃው ዳርና ዳር ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ባሕሩ መግቢያው ተዘግቶበት ሲደርቅ ጨዉን ትቶልን ሄደ። አያቶቻችን ያን ጨው ቆርጠው አሞሌ አደረጉት፤ ለዘመናት ገንዘብ ሆኖ ተገበያዩበት።

ሁለተኛ ጊዜ ከባሕር የተለየነው ኤርትራ ነጻነቷን ባወጀችበት በ1985 ዓ.ም. ነው። ከ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የባሕር በር ወሬ ከቤተ መንግሥት እስከ ታክሲ ወንበር ዘልቋል። እዚያ ክርክር ውስጥ አንገባም። አንድ ነገር ግን እንታዘባለን። ባሕር ስንል የምናስበው ክሬን፣ ኮንቴይነርና የወደብ ኪራይ ነው። ባሕር ውስጥ ሕይወት እንዳለ ትዝ የሚለን የለም። ቤታችን ውስጥ ስለ ባሕር ሲወራ ስለ ኮራል የጠየቀ ብቸኛው ሰው ይኸው ትንሹ ነው። ለዚህ እናመሰግነዋለን። ኮራሉን አንፈቅድለትም እንጂ።

ኮራል የሚያሳድጉት ሰዎችስ ቀጣዩን እንዴት ነው የሚመርጡት? ልምድ ያላቸው ቀለም አይተው አይገዙም። መጀመሪያ ውኃቸውን ይለካሉ። ቀጥሎ ጎረቤቱን ያያሉ፤ ምክንያቱም ኮራሎች ይዋጋሉ። ቀን ቀን አበባ የመሰለው ሌሊት ረጃጅም መርዛማ ክሮቹን ዘርግቶ አጠገቡ ያለውን ይነድፋል። እንደ ዜኒያ ያለው ደግሞ ሳይናደፍ በመራባት ብቻ ድንጋዩን ሁሉ ሊወርስ ይችላል። በመጨረሻ ከየት መጣ ብለው ይጠይቃሉ። ከሰው ገንዳ ተቆርጦ ያደገ ነው ወይስ ከባሕር የተነቀለ? ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት ድንጋያማ ኮራሎችን ይመለከታል፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ስለዚህ የአክስታችን ሻንጣ የመውጫ ፈቃድ ወረቀት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ለኮራል ብቻ የተጻፉ አይመስሉንም። በራችን ላይ ቆመን ቀና ስንል የምናየው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ገባ። ትውልዱ አውስትራሊያ ነው። አንድ ጥያቄ በሚገባ መልሷል፤ ዋና ከተማዋ በማገዶ እጦት እንዳትነቀል አድርጓል፤ ውለታው አይካድም። «ከሥሩ ማን ይበቅላል?» የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቆየ። ዛሬ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀሉን ዛፍ ወደ ተራራው ለመመለስ ይደክማል። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን የዞረው አበባው ስለሚያምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታየ፤ የቀረውን ገበሬውና አሳ አጥማጁ ይንገሯችሁ። የገንዳ አሳም ሆነ ተክል ሲሰለቻችሁ ወንዝ ውስጥ አትጣሉ የምንለው ለዚህ ነው።

እኛ የዚህ ዘመን ልጆች ምኞታችን በስልክ ይመጣል። ያየነውን ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ ማየት እንሻለን። መሻቱ ነውር የለውም። ነገር ግን ስልኩ ያሳየን ኮራሉን እንጂ ከገንዳው በስተጀርባ ያለውን ጄኔሬተር፣ ጨውና የማይቋረጥ መብራት አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ኮራል ደግሞ ጭራሽ ይሞታል። የሚሞተውም የኛን ጉጉት ለማስታገስ ነው።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ድምፅ ተሰጠ። እማዬ የሚበላ አሳ ካልሆነ ግድ እንደሌላት ገልጻ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። እኛ ሁለታችን የተቃውሞ ድምፅ ሰጠን። አክስታችን እንድታመጣልን የተወሰነው በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው። መብራት ሲጠፋ አራቱ አሳዎች ይተንፍሱበት። ቀጣይ አሳ ደግሞ ቢገባ አንድ ብቻ፣ ያውም ቅዝቃዜ የሚችል ወርቃማ አሳ ይሆናል፤ እሱም የፓምፑ ጉዳይ ካለቀ በኋላ። ለትንሹ አንድ ቃል ገባንለት። መንገዱ ሲመች የደናክልን የድንጋይ ኮራል አብረን እናያለን።

ውጤቱን አልቀበልም ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ማታ መብራት ስናጠፋ ግን ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ቴርሞሜትሩን ውኃው ውስጥ ከትቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። «ስንት ሆነ?» አልነው።

«19» አለ፣ ቀና ሳይል። «ለኮራል አይሆንም። ለነሱ ግን ደህና ነው።»