ሲኒማ ቤት ሲታደስ ምን ይታደሳል?

አንድ ሲኒማ ቤት ታደሰ ሲባል እኛ ጋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ወንበሩ ነው። ይመቻል? ድምፁ ጥሩ ነው? ፖፕኮርን አለ? ጥያቄዎቹ ክፋት የላቸውም፤ እኛም ወገብ አለን። ዋናው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል፦ ለመሆኑ ምን ሊያሳዩበት ነው?

ይህን የምንጠይቀው የአንዲት የጣሊያን ከተማ ነገር ስለሚያስቀናን ነው። ቦሎኛ መሐል ከተማ፣ ከአደባባዩ ሥር፣ ሞደርኒሲሞ የሚባል ሲኒማ ቤት አለ። አዎ፣ ከመሬት በታች። የተከፈተው በ1915 ነው (ካልገለጽን በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ2007 ተዘጋ። በብዙ ከተሞች የእንዲህ ዓይነት ቤት ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባንክ ወይም የልብስ መደብር ነው። ሞደርኒሲሞ ግን ከ16 ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2023፣ እንደገና ተከፈተ። ውስጡን ያሰናዳው ለፊልም ሥራ ትዕይንት የሚነድፈው ጃንካርሎ ባዚሊ ስለሆነ፣ የገባ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ወደነበረ ሲኒማ የተመለሰ ይመስለዋል።

ቤቱ ማማሩ ደስ ይላል። እኛን ያስቀናን ግን ውበቱ አይደለም። ሞደርኒሲሞን የሚያስተዳድረው ቺኔቴካ ዲ ቦሎኛ የተባለው የከተማዋ የፊልም ተቋም ነው። ይህ ተቋም ሦስት ሥራ አንድ ላይ ይሠራል፦ አሮጌ ፊልም ያስቀምጣል፣ የተበላሸውን ይጠግናል፣ የተጠገነውን ያሳያል። የመጠገኛ ላቦራቶሪው ስም ሊማጂኔ ሪትሮቫታ ይባላል፤ «የተገኘው ምስል» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ሲኒማ ቤቱ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት ነው ማለት ነው። ያለ መጋዘኑና ያለ ላቦራቶሪው ያማረ ምድር ቤት ብቻ ይሆን ነበር።

እዚያ ላቦራቶሪ የሚታከመው የፈረንጅ ፊልም ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን የ1966ቱ «ላ ኑዋር ደ» የተጠገነው እዚያ ነው። የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» እና የሞሪታኒያዊው ሜድ ሆንዶ «ሶሌይ ኦ»ም እንዲሁ። የአፍሪካ ሲኒማ ታላላቅ ሥራዎች ሕመማቸውን የሚታከሙት ቦሎኛ ነው። ለሐኪሞቹ ምስጋና ይድረሳቸው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ታክመው ሲድኑ የት ይገባሉ?

ወደ ራሳችን እንምጣ። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከመካከላችን ስንቱ በሲኒማ ሸራ ላይ አይቶታል? ፊልሙ የተቀረጸው ዘውዱ በሚወድቅበት ሰሞን፣ በጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ ነው። ለባለ መሬት ጉልበቱን የሚገብር የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። በ2006 የካን ፌስቲቫል በካን ክላሲክስ ክፍሉ እንደገና ለዓለም አሳየው። የራሱ የኃይሌ «ጤዛ» በ2008 ከቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ይዞ ተመለሰ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ገባ። ሲሸለሙ አጨበጨብን፤ ጥሩ አደረግን። ግን ዛሬ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ተነሥታ እነዚህን ፊልሞች በትልቅ ሸራ ማየት ብትፈልግ ወዴት እንላካት? «ዩቲዩብ ላይ ፈልጊ» ነው የምንላት? «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»ን፣ ያንን የ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያ የአማርኛ ረጅም ፊልም፣ አብዛኞቻችን የምናውቀው በስሙ ነው። ስሙን ብቻ የምናውቀው ፊልም ደግሞ ከሞተ ዘመድ አይሻልም።

«ጥቁርና ነጭ ፊልም ማን ከፍሎ ያያል?» የሚለን ወዳጅ እንዳለ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። አዳራሽ መብራትና ደመወዝ ይከፍላል፤ በቅዳሜና እሑድ አዲስ የፍቅር ኮሜዲ የሚኖረውም ለዚህ ነው፤ አንቃወምም፣ እኛም ገብተን እንስቃለን። ይሁን እንጂ የቦሎኛ ሕዝብ ከእናቱ ማሕፀን አሮጌ ፊልም ወዳድ ሆኖ አልወጣም። የታደሱ ፊልሞች ፌስቲቫላቸው ከ1986 ጀምሮ ነው የሚካሄደው። በየበጋው ማታ በትልቁ አደባባይ፣ በነፃ፣ ሸራ ዘርግተው ያሳያሉ፤ ሰዉም ወንበር ሲያጣ መሬት ላይ ተቀምጦ ያያል። ተመልካች እንደ ቡና ነው፤ በተተከለ ማግሥት አይለቀምም። እኛ ችግኙን ሳንተክል ነው ፍሬ የለም የምንለው።

በነገራችን ላይ «ፒያሳ» የሚለውን ስም ጣሊያኖች ትተውልን ሄደዋል። እነሱ ፒያሳቸው ሥር ያለውን ሲኒማ ከተዘጋበት አወጡ፤ የእኛ ፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ደግሞ በ2024 በሰፊው ፈረሱ። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ አምባሳደር የሚሉት ስሞች ለወላጆቻችን የሠፈር ምልክቶች ብቻ አይደሉም፤ ጥናት ዘለው፣ ተሰልፈው፣ ከማያውቁት ሰው ጎን ተቀምጠው አብረው የሳቁባቸው ናቸው። ቅድመ አያቶቻችን ሲኒማውን «ሰይጣን ቤት» ብለውታል ይባላል። እነሱ እንኳ ፈርተውም ቢሆን ገብተው አይተዋል!

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ሲኒማ ቤት በታደሰ ቁጥር በሳምንት አንድ ማታ፣ ማክሰኞም ቢሆን፣ ለአሮጌ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ፊልም ይሰጥ። ተማሪ በቅናሽ ይግባ። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱ በርቶ ግማሽ ሰዓት እንከራከር። ፊልም ሠሪዎችም የሥራቸውን አንድ ቅጂ የሚያስቀምጡበት፣ ሙቀትና እርጥበቱ የተጠበቀ አንድ ክፍል ይኑር። ይህ የቦሎኛን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰው መመደብና ቀን መቁረጥ ይጠይቃል።

አሥር ሰው ብቻ ቢመጣስ? አሥሩ በሚቀጥለው ሳምንት አንዳንድ ጓደኛ ይዘው ይምጡ። ሃያ ሰው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሕዝብ ነው።