መጋዘን የቆለፈ መንግሥት

ዘይት በተወደደ ቁጥር የምንወቅሰው ሰው ዝግጁ ነው፤ ስግብግብ ነጋዴ። መጋዘን ይታሸጋል፣ የተደበቀ ጀሪካን በቴሌቪዥን ይታያል፣ እኛም «እሰይ!» እንላለን። ከነጋዴው በላይ የቆለፉ ግን አሉ። ባንዲራ ስላላቸው መጋዘናቸውን የሚያሽግ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነውን እናንሳ። በዚያ ዓመት ሩዝ ከዓለም አልጠፋም፤ ምርቱ እንዲያውም ጥሩ ነበር። ግን ሕንድ በ2007 መጨረሻ ገደማ ሽያጩን ገደበች፤ ቬትናምም ተከተለች። ድንበር የሚሻገረው ሩዝ ከዓለም ምርት ከመቶ አስር እንኳ አይሞላም ነበርና ሁለት ትልልቅ ሻጮች በራቸውን ሲዘጉ ገበያው በረገገ። የደነገጠችው ፊሊፒንስ ግማሽ ሚሊዮን ቶን ለመግዛት ጨረታ አወጣች፤ ይህ ደግሞ ሌላውን ሁሉ አስደነገጠ። ዓመቱ ሲጀምር ቶኑ 400 ዶላር ገደማ የነበረው የታይላንድ ሩዝ ግንቦት ሳያልፍ ከ1,000 ዶላር በላይ ወጣ። ሄይቲ ውስጥ ኑሮ ያስመረረው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዣክ ኤድዋር አሌክሲ ከሥልጣን ተነሡ።

ይበልጥ የሚገርመው አወራረዱ ነው። ጃፓን በዓለም ንግድ ድርጅት ግዴታዋ የተነሣ ከአሜሪካና ከሌሎች የምትገዛው፣ ሕዝቧ ግን ብዙም የማይፈልገው ሩዝ በመጋዘን ተከማችቶ ነበር። ያንን ለሌላ ብትሸጥ አሜሪካ እንደማትቃወም በግንቦት ሲሰማ ዋጋው መውረድ ጀመረ። ከጃፓን መጋዘን አንድ ኩንታል ሳይወጣ!

እኛ ዘንድ ይህ ነገር የሚገባው በዘይት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ሱፍ ዘይት በጦርነቱ በታገተበት ሰሞን ኢንዶኔዥያ ደግሞ ፓልም ዘይት እንዳይወጣ ከለከለች። ክልከላው ወር እንኳ አልሞላም። ዋጋ ግን ሲወጣ ሮጦ፣ ሲወርድ እያነከሰ ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛ ሱቅ የምትመጣን ሴት አስቡ። ባለ አምስት ሊትሩን ጀሪካን ለመግዛት እጇ አጥሯልና ባለሱቁ ሩብ ሊትር ይቀዳላታል። ሒሳቡ በሊትር ቢሠራ ከባለጀሪካኑ አብልጣ ትከፍላለች፤ የዓለም ገበያ ሲረግብም የመጨረሻዋ ሰሚ እሷው ናት።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ የከለከልነው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። (ተጋግሮ በአውሮፕላን ዋሽንግተን ሲገባ ግን ከልካይ አልነበረውም።) ምክንያቱ ይገባኛል፤ የከተማው ሰው እንጀራ እንዳይወደድበት ነው። ሕንድም የምትለው ይህንኑ ነው። ሁሉም የየራሱን ሕዝብ ሲከላከል፣ ከውጭ ገዝቶ የሚበላው ሜዳ ላይ ይቀራል።

የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለእርዳታ የሚገዛውን እህል ላለመከልከል ተስማሙ። ከዓመታት ክርክር በኋላ የተገኘችው ይህችው ናት! ነጋዴ በዶላሩ የሚገዛው ስንዴና ዘይት በስምምነቱ ውስጥ የለም። በዓመቱ ሐምሌ ላይ ሕንድ ባስማቲ ያልሆነውን ነጭ ሩዝ ስትከለክል ያንን ስምምነት አልጣሰችም። ኢትዮጵያ የድርጅቱን የአባልነት ጥያቄ ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ወንበሯን ይዛ ስትናገር ከሁሉ አስቀድማ እንድታነሣልኝ የምፈልገው ከውጭ ገዝቶ የሚበላውን ሰው ጉዳይ ነው፤ የጤፉ ነገር እንደሚመዘዝባት እያወቅሁም።