ርግብ ከመግዛት በፊት

ርግብን የማይወድ ልጅ ጥቂት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ተነሥታ ወደ ሰማይ ስትወጣ፥ ዞራም ተመልሳ በክፈፉ ላይ ስታርፍ ያየ ሁሉ ደስ ይለዋል። ስለዚህ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ርግብ ለማርባት የሚመኝ ልጅ አይጠፋም። ምኞቱ መልካም ነው። የሚነቀፈው ግን ብዙ ጊዜ አጀማመሩ ነው። ልጁ ጥቂት ገንዘብ ባገኘ ቀን ወደ ገበያ ይሮጣል፤ ሁለት ርግቦች ገዝቶ በቅርጫት ይዞ ይመጣል። የት እንደሚያኖራቸውና ምን እንደሚያበላቸው ማሰብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የተገለበጠ ሥራ ነው። ርግብ ማርባት የሚወድ ልጅ አስቀድሞ ቤቷን፥ ቀጥሎ ምግቧን፥ በመጨረሻም ርግቧን ማግኘት ይገባዋል።

ይህን ሥርዓት የአዊ ንብ አርቢዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። ንብ አርቢ መንጋው ከመምጣቱ በፊት ቀፎውን ይሠራል፤ ይመርገዋል፤ መልካም ሽታ ባለው ቅጠል ያጥነዋል፤ ከዚያም በዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ንቡ የሚገባው በተሰናዳ ቤት ነው። ጌታችንም በወንጌል፥ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር አስተምሯል። ግንብ ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው መሳቂያ ይሆናል። ርግብ ማርባት ጀምሮ የሚተው ልጅ ጥፋት ግን ከዚህ ይከፋል፤ ነፍስ ያላትን ፍጥረት ለረኃብና ለብርድ አሳልፎ ይሰጣልና።

የርግብ ቤት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በእንጅባራ ዙሪያ ቀርከሃ ይበቅላል፤ ቀርከሃውን ሰንጥቆ ግድግዳ ማድረግ፥ በላዩም ሣር መክደን ይቻላል። አገሩ ደጋ ነው፤ ክረምቱም ዝናም ይበዛበታል። ስለዚህ ጣሪያው የማያፈስ፥ ደጁም ነፋስ ከሚመጣበት ወገን የዞረ ይሁን። ርግብን ከብርድ ይልቅ እርጥበት ይጎዳታል። ቤቱ ከሰው ቁመት ከፍ ባሉ ምሰሶዎች ላይ ይቁም፤ ድመትና ሸለምጥማጥ እንዳይወጡም በምሰሶዎቹ ዙሪያ ቆርቆሮ ይታሰር። ማታ ማታ ደጁ ይዘጋ። በውስጡም ለእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሁለት ማደሪያ ይዘጋጅ፤ የማደሪያው ስፋት በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። ሁለት ያስፈለገበት ምክንያት፥ እናቲቱ የፊተኞቹ ጫጩቶች ገና ሳይወጡ ሌላ እንቁላል ስለምትጥል ነው።

ከቤቱ ቀጥሎ የምግቡ ነገር ይመጣል። አንዲት ርግብ በቀን ከ30 እስከ 40 ግራም እህል ትበላለች። ይህ በእጅ ሲይዙት ጥቂት ነው። ነገር ግን አራት ርግቦች በቀን 140 ግራም ቢበሉ፥ በወር ከ4 ኪሎ ይበልጣል፤ በዓመትም ግማሽ ኩንታል ያህል ይሆናል። ስለዚህ አንዳንድ ሽማግሌዎች፥ «እህል ለሰው ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም» ይላሉ። ነገራቸው እውነት አለበት። በነሐሴ ወር ጎተራው ሲጎድል፥ እናት ለልጆቿ እየለካች ስትሰጥ፥ ከዚያው እህል በስውር ዘግኖ ለርግብ የሚበትን ልጅ ለወፍ ይራራል፤ በታናሽ እኅቱ ግን ይጨክናል። በሌላ ሰው ጉሮሮ የሚደረግ ቸርነት ቸርነት አይባልም።

ሆኖም የሽማግሌዎቹ ነገር ርግብ ማርባትን አይከለክልም፤ እህሉ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃል እንጂ። መልሱ የልጁ የገዛ እጁ ሥራ ነው። በመከር ጊዜ አጨዳው ሲያልቅ በማሳው ላይ ብዙ ዘለላ ወድቆ ይቀራል። ባለ ማሳውን አስፈቅዶ ቃርሚያ መልቀም ለማንም ልጅ አያሳፍርም። ደግሞ በጓሮው ጥግ ጥቂት በቆሎ ዘርቶ ራሱ ሊኮተኩት ይችላል። ርግብ በቆሎ፥ ስንዴ፥ ገብስ፥ ማሽላና አተር ትበላለች፤ የተቀላቀለ ቢሆን ይሻላታል። ጥርስ ስለሌላት እህሉን በሆዷ የምትፈጭበት ደቃቅ ጠጠር ያስፈልጋታል። ንጹሕ ውኃም በየቀኑ ይለወጥላት።

ቃርሚያው ሌላም ጥቅም አለው፤ የልጁን ልብ ይመዝናል። ርግብ ሳይገዛ ጆንያውን ለመሙላት የታከተ ልጅ፥ ርግቧን ከገዛ በኋላ በየማለዳው ለመመገብ መታከቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚጎዳ ፍጥረት ስለሌለ ምኞቱን ያለ በደል ሊተው ይችላል። ጆንያውን የሞላ ልጅ ግን ለርግብ የተገባ መሆኑን አስመስክሯል።

ቤቱና እህሉ ከተሰናዱ በኋላ ሁለት ጥንድ ርግብ ለጀማሪ ይበቃል። በየገደሉና በየጣሪያው የሚኖሩትን የዱር ርግቦች ማጥመድ አይገባም። ነጭ አንገት ያላት የደጋ ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አትገኝም፤ ስለዚህ በነጻነቷ ትኑር። ከቤት ርግቦችም የሚመረጡት ገና መብረር የጀመሩት ጫጩቶች ናቸው። ያደገች ርግብ የቀድሞ ቤቷን አትረሳም። ከዳንግላ ተገዝታ ወደ እንጅባራ የመጣች ርግብ፥ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፥ በተለቀቀች ቀን ወደ ዳንግላ ልትመለስ ትችላለች። ጫጩቶቹም ቢሆኑ አዲሱን ቤት እስኪለምዱ ጥቂት ሳምንታት ሳይለቀቁ ይቈዩ። ከዚያም ወደ ማታ፥ ከምግባቸው በፊት ይለቀቁ፤ የእህሉን ድምፅ ሲሰሙ ይመለሳሉ።

የርግብ ጥበብ ሁሉ በዚህ መመለስ ላይ ነው። በ1850 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ሮይተር የሚባል ሰው በጀርመን ካለችው ከአኸን ከተማና ከቤልጅግ ብራስልስ መካከል የቴሌግራፍ ሽቦ ገና ስላልተዘረጋ፥ ወሬውን በርግቦች ይልክ ነበር። ርግቧ ግን መልእክተኛ የሆነችው ወደ ታዘዘችበት ስፍራ ሁሉ ስለምትሄድ አይደለም፤ ወደ ቤቷ ስለምትመለስ ነው። እንግዲህ ቤት የሌላት ርግብ ምን መመለሻ አላት?

ከዚህ የተነሣ አንድ ሌላ ግዴታ ይመጣል። የጎረቤት ርግብ ከመንጋው ጋር ተቀላቅላ ብትገባ፥ እህል እያሳየ የሚያስቀራት ልጅ ሌባ ነው። በእግሯ መጣች ማለት አያድነውም። ጠፍታ የመጣች ላም ለባለቤቷ እንደምትመለስ፥ ርግብም እንዲሁ ትመለስ። በአንዲት ርግብ ምክንያት ሁለት ጎረቤቶች ቢጣሉ፥ የሰላም ምልክት የሆነችው ወፍ የጠብ ምክንያት ሆነች ማለት ነው።

በመልካም የጀመረ ልጅ ግን ብዙ ነገር ይማራል። እናቲቱ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ አባትና እናት ተራ ገብተው 18 ቀን ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ሁለቱም ወላጆች በጉሮሯቸው ካለው ከረጢት ወተት የሚመስል ምግብ እያወጡ ያጎርሷቸዋል። አንድ ወር ያህል ሲሆናቸው ከጎጇቸው ይወጣሉ። አንድ ጥንድ በዓመት አምስት ጊዜ ቢፈለፍል አሥር ጫጩት ይሆናል፤ ሁለቱ ጥንድ ሃያ ያወጣሉ። ስለዚህ ልጁ ስንቱን እንደሚያስቀር፥ ስንቱን እንደሚሸጥ ከወዲሁ ይቍጠር፤ እህሉም በዚያው ልክ ይብዛ። ኵሱን በየሳምንቱ ይጥረግ፤ በሚጠርግበትም ጊዜ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ይርጭ፥ አፍንጫውንም ይሸፍን፤ ከዚያ በኋላ እጁን ይታጠብ። ኵሱ ከቆየና ከበሰበሰ በኋላ ለጎመን መደብ መልካም ማዳበሪያ ይሆናል።

የአዊ ሕዝብ ፈረስ ወዳድ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፥ ተመልካቹ በሽልማትና በጕግስ ይደሰታል። ነገር ግን ያ ፈረስ ለዚያች ቀን የበቃው ማንም በማያየው በክረምት ጭቃ ውስጥ በየቀኑ ሣርና ውኃ ስለቀረበለት ነው። የርግብም ነገር እንዲሁ ነው። በሰማይ ስትዞር ማየት የጥቂት ደቂቃ ደስታ ነው፤ ማብላት፥ ማጠጣትና መጥረግ ግን የዓመቱ ሁሉ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚወድ ልጅ ራሱን ይወዳል። ሁለተኛውንም የሚወድ ልጅ ርግብን ይወዳል፤ ወደ ገበያም መሄድ የሚገባው እርሱ ነው።